አባባ በማን ጭን ላይ ሞተ

እህቴ ሩፈይዳ መድረክ ላይ ቆማ ከመጽሐፏ የአባታችንን ሞት እያነበበች ነው። አዳራሹ ጢም ብሏል። ከሄርማታ ገበያ የመጡት የአባባ ወዳጆች የፊት ወንበሮቹን ይዘዋል፤ ከኋላዬ አንዲት ሴት ትንሰቀሰቃለች። "ራሱን ጭኔ ላይ አድርጌ ከንፈሩን በውሃ አረጥባለሁ" ትላለች ሩፈይዳ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ጭኑ የኔ ነው። ውሃውንም ያመጣሁት እኔ ነኝ። እሷ ያን ቀን አዲስ አበባ ነበረች። አባባ ጠዋት ሞቶ የዓስር ሶላት ሳይደርስ ቀበርነው፤ ሩፈይዳ የገባችው ሲመሽ ነው። የመጽሐፉ ሽፋን ግን ከፎቶዋ ሥር "የሕይወቴ እውነተኛ ታሪክ" ይላል። ፎቶዋ ደግሞ ያምራል፤ እሱም ያናድደኛል።

ቁርስ ላይ ይዣት ነበር።

"ሩፊ፣ አንቺ እኮ አልነበርሽም።"

"መዲዬ፣ በስልክ አንድ በአንድ ነግረሽኝ የለ? እንዳየሁት ነው የሆነብኝ።"

"ታዲያ እህቴ መድና ነገረችኝ ብለሽ አትጽፊም?"

"እንደሱ ከተጻፈ ማን ያለቅሳል፣ አቦ?" ብላ የሻይ ብርጭቆዋን ይዛ ተነሳች።

ይኸው ሰው ያለቅሳል። እኔ ያን ሁሉ ክረምት አባባን አጥቤ፣ አጉርሼ፣ ሌሊት ተነስቼ አገላብጬ፣ "አይዞሽ" ያለኝ የለም። ቅናት ነው፤ ሌላ ስም አልፈልግለትም።

በመጽሐፉ ውስጥ አባባ አልጋው ወደ ሶላት አቅጣጫ፣ ወደ ቂብላ ዞሮ፣ በመስኮት የጅሬንን ኮረብታ እያየ ነው የሚሞተው። ክፍሉ ግን ያልተሸጠ፣ ያልተፈለፈለ ጀንፈል ቡና በጆንያ እስከ ጣሪያ ተደርድሮበት፣ እንኳን አልጋ ሊዞር ሰው ማለፊያ አልነበረውም። ጆንያውን በጀርባዬ ገፍቼ በቀኝ ጎኑ ወደ ቂብላ ያዞርኩት እኔ ነኝ።

"መጨረሻ ላይ ዓይኑን ገለጠና ስሜን ጠራ" ትላለች ሩፈይዳ። መጽሐፉን ታጥፈዋለች። ጭብጨባው አያባራም።

ይህን በስልክ አልነገርኳትም።

መድረክ መሪው ከቤተሰብ አንድ ሰው ቃል እንዲጨምር ይጠይቃል፤ ማይኩ በሰው እጅ እያለፈ ወደኔ ይመጣል። የምለውን ከጠዋት ጀምሮ አዘጋጅቻለሁ፦ ሩፈይዳ አልነበረችም፣ እኔ ነበርኩ። ከዚያ በላይ አያስፈልግም።

አጠገቤ ያለችው እማዬ እጅጌዬን ትይዘኛለች። አባባ ሲሞት ለሶላት ልትታጠብ፣ ውዱእ ልታደርግ ወጥታ ነበር፤ ስትመለስ ዓይኑን ከድኜው አገኘችኝ።

"ኢንታላኮ" ትለኛለች በሹክሹክታ፣ "ልጄ፣ እዚያ እንዳልነበረች እኔም አላጣሁትም። ግን ስሟን ጠርቶ ነበር? ወይስ እሱንም ፈጠረችው?"

ፈጠረችው ብል ታምነኛለች። ከኔ ሌላ ማንም አልነበረም። ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሷል።

"ጠርቷታል" እላታለሁ።

"ዱጋ? እውነት?"

"ወላሂ። ፊቴን እያየ 'ሩፈይዳ' አለ።"

እማዬ እጅጌዬን ሳትለቅ ትጠጋኛለች። "አንቺስ ምን አልሽው?"

ማይኩ እጄ ገብቷል፤ በርቷል። አፉን በመዳፌ እሸፍነዋለሁ።

"አቤት አልኩት፣ እማዬ። እሷን መስዬ አቤት አልኩት።"