ጉርሻ አይመለስም

«ዳኛው ፊሽካ ነፋ? አልነፋም!» አባትየው በሮደልሃይም ሰፈር ባለው ጠባብ ሳሎናቸው ጮኸ። «በበረዶ ላይ አይስሆኪ መጫወት የልጃችን እንጀራ ነው፤ መመታት ያለ ነው!»

«ያ ግንድ የሚያክል ሰውዬ ትናንት ልጄን ጭንቅላቱን ነው የመታው!» አለች እናትየው ገበታውን በመዳፏ እየደበደበች። «የዳኛው ልጅ ቢሆን ይነፋ ነበር!»

«አርብ ሽፒል አለኝ፤ ግጥሚያው ላይ እጫወታለሁ፣ በቃ!» አለ ልጁ። ጭቅጭቁ እንዲበርድ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልሎ ለእናቱ ዘረጋ። ብትናደድም ጉርሻ አይመለስምና ወደ እሱ ጎንበስ አለች።

«አየሽ? ደህና ነው» አለ አባትየው።

ጉርሻው ጉንጯ ላይ፣ ከዓይኗ ሥር አረፈ። ልጁ ገፋ አደረገው፤ ወጡ እስከ አገጯ ወረደ።

«እማዬ፣ አፍሽን ክፈቺ እንጂ!» አላት።

አፏ ክፍት ነበር።