ረቡዕ በአሸዋው ላይ

ወይዘሮ ባዩሽ እንደገና ተንሸራተው የአሸዋው ክምር ወገብ ላይ ቁጭ አሉ። አንድ እርምጃ ሲወጡ አሸዋው ከነበሩበት በታች ይመልሳቸዋል።

«የቁስቋምን ዳገት በእንጨት ሸክም የወጣሁ ሴትዮ፣ የዱቄት ክምር ያቅተኝ?» አሉ። ከንፈራቸው ተሰነጣጥቆ ቃሉ በቅጡ አይወጣም።

ምራታቸው ጽጌ ከበታቻቸው ሆና ደገፈቻቸው። መንገድ መሪያቸው ሐመዱ የክምሩን ጠርዝ ይዞ በሰያፍ ነበር የወጣው። እንደ እሱ እንዲወጡ ጽጌ ደጋግማ ነግራቸዋለች። እሳቸው ግን ጉለሌ እንደለመዱት፣ ዳገትን ፊት ለፊት ካልገጠሙት የወጡት አይመስላቸውም። ጉልበታቸው ያለቀው በዚህ ነው። ውሃው ደግሞ ከትናንት ጀምሮ የለም።

ሐመዱ ከአናቱ ላይ ቆሞ ፀሐይዋን አየ። አማርኛውን የተማረው ከከባድ መኪና ሹፌሮች ስለሆነ ወንዱንም ሴቱንም «አንተ» ይላል።

«እናት፣ አንተ ተነሳ። ፀሐይ ከበረታ እዚህ ሰው አይተርፍም።»

«ውሃው ሩቅ ነው?» አለች ጽጌ።

«ከዚህ ጀርባ ሌላ አሸዋ። ከዚያ ድንጋይ። ጉድጓዱ እዚያ ነው። የተቀመጠ ሰው አይደርስም።»

ወርዶ መጣና ከትከሻው ላይ ከሰሌን የተሠፋ፣ ጭስ ጭስ የሚሸት ዕቃ አውርዶ ዘረጋላቸው። ውስጡ ያለው ጠዋት፣ ውሃ ካልተገኘበት ከዘመዶቹ ሰፈር ያስሞላው የግመል ወተት ነው።

ባዩሽ ፊታቸውን አዞሩ። «የግመል! ያውም በረቡዕ!»

«እማማ፣ እባክዎ።»

«ክርስቲያን ነኝ፣ ልጄ። ተዪኝ።»

«ይሞታሉ እኮ!»

«ለሞትማ ቀበሌው ምን አነሰኝ?»

የጽጌ ባል አምኃ ጅቡቲ መግባቱ ከተሰማ ወዲህ አብዮት ጠባቂዎቹ «ልጅሽን አምጪ» እያሉ እናቱን ይወስዷቸው ነበር። መጨረሻ ተለቀው የመጡ ቀን እግራቸው ጫማ አልገባ ብሎ ነበር። ምን እንዳደረጓቸው አልተናገሩም። እሷም አልጠየቀችም፤ ወደ አምኃ ይዛቸው ወጣች።

ዕቃውን ከሐመዱ እጅ ተቀበለችና ጠጣች። ጨው ጨው ይላል። የግመል ወተት የቀመሰ በሰፈራቸው እምነቱን እንደለወጠ እንደሚቆጠር ታውቃለች። አማቷ እያዩዋት እንደሆነም ታውቃለች።

«አንቺም?» አሉ ባዩሽ ቀስ ብለው።

«አዝዬዎት እንድወጣ ነው።»

«አንቺ? ነፋስ የሚወስድሽ ልጅ?»

ጽጌ ዕቃውን አሸዋው ላይ አቁማ፣ ጀርባዋን ሰጥታ ተንበረከከች። እሺ እስኪሏት አልጠበቀችም፤ ክንዳቸውን ስባ አንገቷ ላይ አደረገችና ተነሣች። ትንሽ ሄደች። ጉልበቷ አሸዋው ውስጥ ሰጠመ፣ ወደ ጎን ዘመመች፣ ከዚያ ሁለቱም እየተንከባለሉ ወረዱ።

አፏ በአሸዋ ተሞልቷል። ልትተፋው ብትሞክር ምራቅ የለም። ተንበርክካ የአማቷን ክንድ ፈልጋ ያዘች፤ እንደገና ጀርባዋን ሰጠች።

«ተይ!» አሉ ባዩሽ።

«አልተውም።»

ሐመዱ ከላይ ሆኖ እያያቸው ነበር። ድምፁን ከፍ አላደረገም። «አሮጊቷ ካልጠጣ ሁለት ሰው እዚህ ይቀራል። እኔ መቃብር መቆፈሪያ የለኝም።»

ባዩሽ የምራታቸውን ፊት አዩ። አሸዋ የለበሰውን ቅንድቧን በአውራ ጣታቸው ጠረጉላት። ከዚያ እጃቸውን ወደ አንገታቸው ሰደዱና ጥቁሩን ማተብ ይዘው፣ መስቀሉን ወደ ጀርባቸው አዞሩት።

«አምጪው» አሉ።

ጽጌ ዕቃውን ካቆመችበት ወጥታ አመጣችላቸው። ወደ አፋቸው አስጠጉትና ቆም አሉ።

«ጋርጂኝ።»

«እማማ፣ እዚህ ማን ያይዎታል?»

የባዩሽ ዓይን ወደ ላይ ሄደ።

ሐመዱ ይህን ሲያይ ጀርባውን ሰጣቸው። ጽጌ ነጠላዋን ፈታች። በሁለት እጇ ወጥራ ከአማቷ ራስ በላይ፣ በእሳቸውና በሰማዩ መካከል ያዘችው። አሸዋው ከእግሯ ሥር እየሸሸ ወደ ታች ያንሸራትታታል፤ ከነጠላው በታች ግን አሮጊቷ ሲውጡ ይሰማታል፣ አንዴ፣ ደግሞ አንዴ፤ እሷም ጨርቁን ወደ ላይ፣ ወደ ላይ ታነሣለች።