አልደርቅ ያለው ወረቀት

ከቧንቧው ማያያዣ ስር የተነጠፈው ወረቀት አሁንም በአረንጓዴው ውሃ ራሰ። ቱቫና አባቷ የበረዶውን ወራት ሙሉ ሲገጣጥሙት የከረሙት በውሃ የሚቀዘቅዝ ኮምፒውተር ማንጠባጠቡን ካቆመ፣ ልጅቷ ዛሬውኑ ይዛው ማልሞ ከተማ ለብቻዋ ለመኖር ልትገባ ነው። ዕቃዋን የጫነው መኪና ደጅ ላይ ሞተሩን አስነስቶ ያጓራል።

«አባዬ፣ እያፈሰሰ ልውሰደው? ይቃጠላል እኮ!»

«እንግዲያው እደሪያ» አለ አባቷ ስቴላን ቀና ሳይል።

«ዕድሜህን ሙሉ መርከብ ስትጠግን ኖረህ ጣት የምታክል ቧንቧ ታቅትህ?» አለች ሚስቱ ጉንቮር፣ ከመስኮቱ እስከ በሩ እየተንቆራጠጠች። «አንተ ሰውዬ፣ እጅህን ምን ነካው?»

ቱቫ ደረቅ ወረቀት ልታመጣ ወጣች። ይሄኔ ጉንቮር የባሏን አውራ ጣት አየችው፤ ማያያዣውን ቀስ አድርጎ እያላላው ነበር። ስድቡ ምላሷ ጫፍ ደርሶ ነበር፤ ፊቱን ስታየው ግን መልሳ ዋጠችው። እጁን ገለል አድርጋ በገዛ ጣቶቿ አጠበቀችው።

«እኔስ ሆዴ የማይባባ መሰለህ?» አለችው በሹክሹክታ።

ቱቫ ተመልሳ አዲሱን ወረቀት አነጠፈች። ሦስቱም አጎንብሰው ቢጠብቁ ቢጠብቁ ወረቀቱ አልረጠበም።

«ኧረ ደረቀ! ማን አጠበቀው?»

«አባትሽ» አለች ጉንቮር።