የጓንቱ ባዶ ጣት

ወሰንየለሽ ቦንጋ ውስጥ ባለ የባዮሎጂ ላብራቶሪ መሥራት ከጀመረች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። የቀኝ እጇ ሌባ ጣት የለም፤ በልጅነቷ እንሰት ስትቆርጥ ገጀራ ወስዶታል። ጓንት ባጠለቀች ቁጥር ባዶውን ጣት አጥፋ በክር ታስረዋለች።

ጓንት ካለቀ ግን ሦስት ሳምንት ሆኖ ነበር። የሃይድራዎቹን ውሃ በባዶ እጇ ስትቀይር ሰነበተች። ሃይድራ ከጅረት የሚገኝ፣ እንደ ክር የቀጠነ እንስሳ ነው።

መምህር በእምነት አንዱን በምላጭ ቆረጠው።

«በሦስት ቀን ሌላ ጭንቅላት ያበቅላል፣ እትዬ። ዊንት የሚባል ፕሮቲን አለ፤ ሴሎቹን እዚህ ጋ ጭንቅላት ሁኑ ብሎ የሚያዛቸው እሱ ነው።»

«እኛስ የለንም?»

«አለን። እኛን ግን እንደዚያ አያዘንም።»

«ምነው ጣት እንኳ ቢያዝልኝ» አለች፣ የተቆረጠ ጣቷን ጉማጅ እያከከች። ሰሞኑን ይበላታል። ሰኞ ዕለት ብሶባት በፋሻ ጠቀለለችው።

ሐሙስ ጓንት መጣ። ከነፋሻው አጠለቀችና ክሯን አነሳች። ባዶው ጣት አልታጠፍ አላት። ሞልቷል።

«መምህር፣ ይዩልኝ እስቲ» አለች። ድምፅዋ ውስጥ ደስታ ነበር።

በእምነት ጎንበስ ብሎ አየ። የጓንቱ ጫፍ በዝግታ ይነፋል፤ ከዚያ ይሟሽሻል፤ ደግሞ ይነፋል።

ወሰንየለሽ ትንፋሿን ያዘች።

የጓንቱ ጫፍ ግን መተንፈሱን አላቆመም።