ንጹሕ የጨው ውሃ

በኮምፒውተሩ ላይ የምርመራው ውጤት መስመር እንደ ጉብታ ሽቅብ ሲያብጥ ኬሚስቷ እጇን አፏ ላይ ጫነች። የአደንዛዥ ዕፅ መመርመሪያው ዘንግ የተነከረው ንጹሕ የጨው ውሃ ውስጥ ብቻ ነበር። ጉብታው ግን ቁርጥ የትናንቱን ነበር፤ ከልጇ ጃኬት ኪስ ካራገፈችው ነጭ ብናኝ የወጣውን። አደንዛዥ ዕፁ ከልጇ ኪስ አልመጣም፤ ከዚያ በፊት ፖሊስ ለምርመራ ካመጣው ናሙና መመርመሪያው ላይ ተጣብቆ የቀረ ነበር።

"ከሁሉ በፊት ንጹሑን ውሃ ለኩ፤ አለዚያ የሰው ስም ታጠፋላችሁ" እያለች የተለማማጆችን ጆሮ የምታደነቁረው እሷ ነበረች። የራሷ ልጅ ሲሆን ግን ደሟ ፈላና ንጹሑን ዘለለችው። "የጠመኔ ብናኝ ነው እማዬ፣ ሙች" ቢላት "ማሽን አይዋሽም" ብላ በጥፊ አጮለችው፤ በዚያው ከቤት አባረረችው።

መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ስልኳን አንስታ ደወለችለት። "ልጄ" ከማለቷ ቀደማት፤ ድምፁ ብርድ ሲመታው ያደረ ሰው ድምፅ ነበር።

"እሺ እማዬ፣ ዕፁን ወስጃለሁ። ያልሽው ሁሉ ልክ ነው። አሁን ቤት ልግባ?"