ከኋላ ወንበር የመጣ ሳቅ

«ካት! ማነው ደግሞ አሁን የሳቀው?»

ዳይሬክተሩ በእጁ የያዘውን ወረቀት ወለሉ ላይ ወረወረው። አይፈረድበትም፣ ስድስተኛ ጊዜው ነው። ፊልሜ እንደ ወረደ እውነተኛ ይሁን ብሎ ካሜራውን በእውነተኛ ክፍል፣ በእውነተኛ ተማሪዎች መሀል ተክሏል። ውሸቱ፣ አስተማሪ ሆኖ የሚሠራው ተዋናይ ብቻ ነው። ተዋናዩ ቀልዱን ይናገራል፤ ክፍሉ ይስቃል፤ ጸጥ ይላል። ከዚያ አሳዛኙን ንግግር ሊጀምር አፉን ሲከፍት፣ ከኋላ ጥግ አንዲት ሳቅ ብቻዋን ትፈነዳለች።

ግድግዳ ተደግፋ የቆመችው የክፍሉ መምህርት ነገሩ የገባት መሰላት። እዚህ ክፍል ዘጠኝ ቋንቋ ይነገራል። አስተማሪ የተናገረውን ሬዲዮ የሚሏት ለፍላፊ ልጅ ተርጉማ አጠገቧ ላለው ልጅ ታሾከሹካለች፣ እሱ በሌላ ቋንቋ ለኋላው፣ የኋላው በሌላ ቋንቋ ጥጉ ላይ ለተቀመጠችው አዲስ ልጅ። እሷ ከመጣች ሦስት ወሯ ነው፤ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። ርእሰ መምህሩም «እስከ ዓርብ ካልተናገረች ሌላ ትምህርት ቤት ትሄዳለች» ብለው ቁርጡን ነግረዋል። ዛሬ ረቡዕ ነው።

እና ይኸው ትስቃለች!

«መምህር፣ እባክሽ ያቺን ልጅ ለአምስት ደቂቃ አስወጪልኝ» አለ ዳይሬክተሩ።

«ምን ሲደረግ! እሷን ከማስወጣ አንተ ካሜራህን ይዘህ ብትወጣ ይቀለኛል። እውነተኛውን ነው የምፈልገው አላልክም? እዚህ ሳቅ የሚደርሰው በየተራ ነው።»

«እሺ በቃ፣ ሳቋን ትያዝልኝ! ንገሯት!»

ትእዛዙ ከሬዲዮ ተነሥቶ፣ ከአፍ ወደ ጆሮ እየዞረ ጥጉ ደረሰ። ልጅቷ ሰማች። አሰብ አደረገች። ከዚያ ወደ ጎረቤቷ ጆሮ ጠጋ ብላ አንድ ነገር አለች።

መምህርቷ ከተደገፈችው ግድግዳ ቀና አለች። ከዚያ ጥግ እስከ ዛሬ ምንም መጥቶ አያውቅም። ሹክሹክታው በሄደበት መንገድ ተመለሰ፤ የሰማው ሁሉ አፉን በእጁ እያፈነ ለሚቀጥለው ያቀብላል። ሬዲዮ ጋ ሲደርስ፣ ያቺ ምላሷ የማያርፍ ልጅ በሳቅ መናገር አቃታት።

«ኧረ ተናገሪ፣ ገደልሽን እኮ!» አለች መምህርቷ።

«ቀልዱማ ምኑ ያስቃል ነው የምትለው። ጋሼ ሊያዝኑ አፋቸውን ሲከፍቱ... በእኔ በኩል ሪዛቸው ይላቀቃል ነው የምትለው።»

ተዋናዩ እጁን ከንፈሩ ላይ አደረገ። የሪዙ ግማሽ ጣቱን ተከትሎ መጣ።

ክፍሉ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ላይ ሳቀ። ዳይሬክተሩም ሳይወድ በግዱ ሳቀ። መምህርቷ ግን በወንበሮቹ መሀል እየተጋፋች፣ ረጅሙን ማይክ ከኋለኞቹ ልጆች አናት ላይ ወደዘረጋው የድምፅ ባለሙያ ገሠገሠች።

«ስታወራ ቀረጽካት? ባክህ ቀርጫታለሁ በለኝ፣ ለርእሰ መምህሩ ላሰማቸው!»

ሰውዬው ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ደፋላት። ቀጭን፣ ፈጣን ድምፅ መጣ። ልጅቷ ካለችው አንዱም አልገባትም።

«ድገምልኝ» አለችው።