እስክመጣ እንዳይከፈት

አባቷ ራሳቸው የጠበሱትን ዓሣ ጠረጴዛው መሃል አስቀመጡና ነጩን ወይን እንደ ጨቅላ አቅፈው ከቁም ሳጥኑ አወጡት። ውጭ አገር ከምትሠራበት የጣሊያን ምግብ ቤት የላከችላቸው ነው። አንገቱ ላይ በእጇ ጽፋ የለጠፈችው ወረቀት እንኳ አልተነሳም፤ «እስክመጣ እንዳይከፈት» ይላል። ዛሬ ነገ ስትል ሰባት ዓመት ነጉዶ ገና አሁን መምጣቷ ነው።

ቡሹ እጃቸው ላይ ተፈረፈረ። የተቀዳው ወይን ሻይ መስሏል፤ ሽታው ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይላል።

«እስቲ ጀርባው ላይ ያለውን አንብቢልኝ፤ ከምን ጋር ነው የሚጠጣው?»

«ከዓሣ፣ ከዶሮ፣ ከለስላሳ አይብ ጋር ይስማማል ይላል» አለችና እዚያው ላይ አቆመች። አንድ ጊዜ ተጎነጨች፤ ፊቷ እንዳይኮማተር እየታገለች «ግሩም ነው፣ አባዬ» አለች።

አባቷ እሾሁን ለቅመው ሲጨርሱ ዓሣውን ወደ እሷ ሳህን ገፋ አደረጉት። «የመጨረሻዋን መስመር ዘለልሻት» አሉ ቀስ ብለው። «በሁለት ዓመት ውስጥ ይጠጣ የምትለዋን። ወይኑ ገና እንደ ደረሰኝ ጎረቤታችን መርከበኛው አንብቦልኛል።»

«ታዲያ ለምን አልከፈትከውም?»

ወረቀቷን በአውራ ጣታቸው ዳበሷት።

«እስክመጣ አላልሽም እንዴ?»